ሰኞ እሄዳለሁ

ሽኝቴ የተደረገው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የዕድሩ ድንኳን በደጃችን ተተከለ፤ በግ ታረደ። የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ደበላ ቆመው፣ «እንደ ንስር ያውጣህ፣ በደህና ይመልስህ» ብለው መረቁኝ፤ ሰው ሁሉ አሜን አለ። ጎረቤት አዋጥቶ ሻንጣ ገዛልኝ፤ ጎማው ድምፅ የማያሰማ ጥሩ ሻንጣ ነበር። በማግስቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከሰማይ ዕዝ መልእክት ደረሰኝ። የተዋጊ አብራሪዎች ሥልጠና ለአጭር ጊዜ መተላለፉን ይገልጻል።

ሻንጣው አሁን የእናቴ የበርበሬ ዕቃ ነው።

ወይራ ሜዳ ውስጥ ሰው ይሸኛል፣ ሰው ይሄዳል። ተሸኝቶ የቀረ ሰው ግን ከኔ በፊት ስላልነበረ ምን ብለው እንደሚጠሩኝ ቸገራቸው። መጀመሪያ «መቼ ነው?» ይሉኝ ነበር። «ሰኞ እሄዳለሁ» እላለሁ። ያኔ ውሸት አልነበረም፤ ዕዙ ራሱ በየሳምንቱ ለሰኞ ያስተላልፈው ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ዕዙ ቀን መጥቀሱን ተወ። እኔ አልተውኩም። ዓይነ አፋር ነኝ፤ ከዚህ ሌላ ያለው መልስ ሁሉ ረጅም ነው። ቀስ በቀስ ጥያቄው ሰላምታ ሆነ።

«ካፒቴን፣ እንደምን አደርክ? መቼ ነው?»

«ሰኞ።»

«ምነው ሰኞ እንዲህ ራቀች!» ይሉኝና እየሳቁ ያልፋሉ።

የተጠባባቂ ኑሮ ከባድ አይደለም። ዕዙ አምባር ሰጥቶኛል፤ ከግራ እጄ አይወልቅም። ጠዋት ቀበሌ ሄጄ እመዘናለሁ። ከዚያ ዕዙ በየወሩ ከሚልከው ዱቄት ገንፎ ተሠርቶልኝ እበላለሁ፤ ቅመም የለውም። ቃሪያ ክልክል ነው። ኳስ፣ መሰላል፣ ሞተር ብስክሌት ክልክል ነው። ሠርግ ቤት መሄድ ይፈቀዳል፤ እስክስታ ግን ለአንገት ስለማይበጅ አይፈቀድም። ስለዚህ ሠርግ ላይ ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ፤ ድሮም ቢሆን የምሠራው ይህንኑ ነበርና ብዙ አልከበደኝም። ማግባት ከሥልጠናው ፍጻሜ በኋላ ነው።

ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። በኛ ዘመን ለአብራሪነት ይበቃል። አውሮፕላኖቹ ብዙ ያውቃሉ፤ ዕዙ ከሰው የሚፈልገው ጤነኛ ልብ፣ ደህና ዓይንና ያልተጎዳ አንገት ነው። እኔ መብረር የጀመርኩት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። ግቢያችን ውስጥ ከድሮ ጦር የተረፈ፣ ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነበር። ሌሎቹ በዕረፍት ሰዓት ኳስ ሲጫወቱ እኔ ገብቼ እቀመጣለሁ። የቀኙ ቀበቶ ጠቅ ብሎ ይይዛል፤ የግራው አይይዝም። የግራውን በእጄ ደረቴ ላይ ጨብጬ ነበር የምበረው። ኋላ አውሮፕላኑ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ።

ባለፈው ዓመት ዕዙ አዲስ መመሪያ አወጣ። የተጠባባቂዎች ጊዜ በከንቱ እንዳያልፍ የእያንዳንዳቸው አእምሮ ከነትዝታው ተቀድቶ ግልባጩ ቀድሞ ይሠለጥናል ይላል። ወደ ዕዙ ቅርንጫፍ ተጠርቼ ሄድኩ፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ተኝቼ ተነሣሁ። እኔ ወጣሁ፣ እሱ ውስጥ ቀረ። ግልባጮች እዚያ ገላ እንደሚሰጣቸው ተነግሮናል። ምን ዓይነት ገላ እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ለግልባጮች በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ቤተሰብ ጋር መደወል ተፈቀደላቸው። በመጀመሪያው እሑድ ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችን ተሰበሰበ። እናቴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ድምፁ የኔ ነው። እኔ ግን ድምፄን እንዲህ ከውጭ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ከገመትኩት ይሻላል።

«በረርክ ወይ፣ ልጄ?» አለችው እናቴ።

«አዎ፣ እማ» አለ።

እልልታው እስከ ወፍጮ ቤቱ ተሰማ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ጋሽ ደበላ ወደኔ ዞረው፣ «ሰማህ? በረርክ'ኮ!» ብለው ትከሻዬን መቱኝ። አምባሩ መለሰልኝ፤ «የልብ ምትዎ ከተፈቀደው በላይ ነው። እባክዎ ይቀመጡ።»

ከዚያ በኋላ እሑድ የሱ ቀን ሆነ። ደመና ውስጥ ሲገባ መስታወቱ ላይ ውሃው ወደ ላይ እንደሚፈስ፣ በረዶ ክንፉን ሲመታው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ እንደ መቀመጥ መሆኑን፣ አሠልጣኙ ሻለቃ ሲቆጡ ስልክ እንደሚዘጋ ሰው ቃሉን አቋርጠው ዝም እንደሚሉ አወራ። ሰው ይስቃል፣ ይገረማል። እናቴ አስለምና ከዕዙ ፎቶ አስላከች። ፎቶው ላይ ያለው ፊት የኔ ነው፤ የደንብ ልብሱ ግን የሱ ነው። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ፣ ከአባቴ ፎቶ ጎን ሰቀለችው። የኔን የስምንተኛ ክፍል ፎቶ ቦታ ስላጠበበ አወረደችው።

ወንድሜ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። በወንድሙ የሚቀና ሰው አገሩ ያውቀዋል፤ ሽማግሌ ይመክረዋል፣ እናት ታስታርቀዋለች። በራሴ ቀናሁ ብል ማን ይሰማኛል?

በቀበሌው ጤና ኬላ የምትመዝነኝ ኤዶም ትባላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሚዛኑ ላይ ቆሜ ስታየኝ ልቤ ይፈጥናል፤ አምባሩም ይናገርብኛል። እሷ «ዛሬም አምባርህ ተበላሸ?» ትለኛለች። «ተበላሸ» እላታለሁ። ከዚህ የረዘመ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። እሷም የምታውቀው ይመስለኝ ነበር፤ ሥልጠናውን ስጨርስ እነግራታለሁ ብዬ አስቤያለሁ።

አንድ እሑድ እናቴን ልትጠይቅ መጣችና ስልኩ ፊት ተቀመጠች። በቀጣዩ እሑድም መጣች። እሱ፣ «አምባሩ'ኮ ተበላሽቶ አያውቅም፤ በየጠዋቱ አንቺን እያየ ነበር የሚጮኸው» አላት፤ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት። ኤዶም ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

በማግስቱ ሚዛኑ ላይ ስቆም፣ «ለምንድን ነው አንተ እንዲህ የማታወራው?» አለችኝ።

«ያ የኔ ነበር» አልኳት።

«ምኑ?»

«ያወራው።»

«ታዲያ አንተ መች አልከው?» ብላ ቁጥሩን መዘገበች።

መስከረም ሲጠባ ሃያ አምስት ዓመት ይሞላኛል። ሃያ አምስት የሞላው ተጠባባቂ ከነግልባጩ ይሰረዛል። ሐምሌ ላይ ወደ ዕዙ ቅርንጫፍ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ አንዲት ሃምሳ አለቃ አለች።

«ተራዬ የት እንደደረሰ ለማወቅ ነበር።»

«ስም?»

«ይትባረክ ሽብሩ።»

«ይትባረክ ሽብሩ ቦታ አግኝቷል።»

«እኔ'ኮ ነኝ ይትባረክ።»

«እንኳን ደስ ያለዎት።»

«አይ፣ እኔ ገና አልጀመርኩም።»

ያኔ ቀና ብላ አየችኝ። «የስሙ ባለቤት ነዎት? ለአንድ ስም አንድ ቦታ ነው። የስምዎ ቦታ በግልባጭዎ ተይዟል። እሱ ሲጨርስ እርስዎ ይጠራሉ። ወይም በቃኝ ካሉ አሁኑኑ አምባሩን ፈትቼ አሰናብትዎታለሁ።»

«መቼ ነው የሚጨርሰው?»

«እሱን ይጠይቁት እንጂ። ዘመድዎ አይደለም?»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። አመስግኜ ወጣሁ።

ነሐሴ ላይ ግልባጬ ያለ አሠልጣኝ ብቻውን መብረሩን ለእናቴ ነገራት። ጋሽ ደበላ ዕድሩን ሰበሰቡ። «ለሽኝቱ ድንኳን የተከልን ለደስታው ልንቀር ነው?» አሉ። ቀጣዩ እሑድ ተቆረጠ።

የድንኳኑን ምሰሶዎች ከዕድሩ መጋዘን ያመጣሁት እኔ ነኝ። መሸከም ለተጠባባቂ ክልክል ቢሆንም ሌላ የሚላክ ሰው አልነበረም፤ ሌሎቹ ሥራ አላቸው። በመንገድ ላይ ያገኙኝ ሁሉ «እንኳን ደስ ያለህ!» ይሉኛል። ምሰሶው ትከሻዬ ላይ እንዳለ «አብሮ ደስ ይበለን» እላለሁ። አንዱ፣ «ታዲያ አንተ መቼ ነው?» አለኝ። ምሰሶውን አስተካክዬ፣ «ሰኞ» አልኩት።

ለክብር እንግዳው ትልቁ ወንበር ወጣ። የአባቴን ጋቢ መደገፊያው ላይ አለበሱትና ስልኩን መቀመጫው ላይ፣ ትራስ አስደግፈው አቆሙት። እናቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልላ ወደ ስልኩ አቀረበችውና መለስ አድርጋ፣ «እንካ፣ አንተ ብላለት» ብላ ለኔ ዘረጋችልኝ። ቃሪያ አለበት። አልበላሁትም። ኤዶም ከወንበሩ አጠገብ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እስቲ ንገረን፣ ጀግናው» አሉት ጋሽ ደበላ። «ብቻህን ስትወጣ ፍርሃት አልያዘህም?»

«ፈርቼ ነበር፣ ጋሼ» አለ። «ከፍርሃቱ ደግሞ የባሰው ምን መሰላችሁ? ልነሣ ስል የግራው ቀበቶ አልያዘልኝም።»

«ወይኔ ልጄን!» አለች እናቴ።

«መመለስ አፍሬ ተውኩት። በእጄ ደረቴ ላይ ጨብጬው በረርኩ።»

ሰው ጭብጨባውን አቀለጠው። እኔ እጄ ውስጥ የመጠጥ ብርጭቆዎች የተደረደሩበት ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር። የግራው ቀበቶ። ያ አውሮፕላን በሐሳቤ ውስጥ ካልሆነ በቀር የለም፤ ከተሸጠ አሥር ዓመት አልፎታል። በምድር ላይ ያንን ቀበቶ የምናውቅ ሁለት ነን።

«የልብ ምትዎ ከተፈቀደው በላይ ነው» አለ አምባሩ። «እባክዎ ይቀመጡ።»

አልተቀመጥኩም። በሕይወቴ በሰው መሐል ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርኩት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።

«ሐይቃችን ከላይ ሲታይ ምን ይመስላል?» አልኩት።

ሰው ሁሉ ወደ ስልኩ ዞረ፤ ጥያቄው ደስ ብሏቸው ነው። የወይራ ሜዳ ሐይቅ ግልባጬ ከተሠራ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ከዳር እስከ ዳር በጥቁር የፀሐይ ሰሌዳ ተሸፍኗል። ውሃው አይታይም፤ ይብራዎቹ፣ ነጫጭ የውሃ ወፎቹ፣ ሄደዋል። ይህን ለሱ የነገረው ሰው አልነበረም። በየሳምንቱ በላዩ እየበረረ ማን ይነግረዋል?

«ሰማያዊ ነው» አለ። «እንደ ዓይን ይመስላል። ይብራዎቹ ዳር ዳሩን እንደ ነጭ ክር ይከቡታል።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። እኔ እያንዳንዱን ፊት እያየሁ ጠበቅሁ።

«አያችሁ» አሉ ጋሽ ደበላ ቀስ ብለው፤ «ከታች ነው እንጂ ከላይ ሰሌዳው አያግድም ማለት ነው።»

«ብርሃኑ ነዋ!» አለ አንዱ። «ከላይ ሲመታው ያሳልፋል።»

«ወፎቹም አሉ ማለት ነው?» አለች ኤዶም። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። «እኔ እኮ የሄዱ መስሎኝ ነበር።»

እልልታው ቀለጠ። እኔ ብርጭቆዎቹን አደልኩ።

ምግቡ ሲነሣ፣ ሰው ለጭፈራ ወንበር ሲያነሣ፣ «ትንሽ ላዋራው» ብዬ እናቴን አስፈቀድኩና ስልኩን ወደ ጓሮ ይዤው ወጣሁ። ሴቶቹ ድስት ከሚያጥቡበት ራቅ ብዬ የእንጨት ክምር ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

«አልበረርክም» አልኩት።

«ቀበቶው ነው አይደል?» አለ። «ከአፌ እንደወጣ አወቅሁ።»

«ለምን ትዋሻለህ?»

«መጀመሪያ ቀን እማ ‹በረርክ ወይ?› ስትለኝ፣ ከኋላዋ ያ ሁሉ ሰው ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር። አንተ ብትሆን ምን ትላት ነበር?»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ።

«ገላ ሰጥተውሃል?»

«አልሰጡኝም።»

«ታዲያ የት ነህ?»

«እኔ እንጃ። ቤት አይደለም። ጨለማም አይደለም። እሑድ ሲደርስ ይጠሩኛል፤ ከናንተ ጋር ካወራሁ በኋላ እንደገና እሑድ እስኪደርስ እጠብቃለሁ። ተጠባባቂ ነኝ።»

«ምን እየጠበቅህ?»

«አንተን» አለ። «ለአንድ ስም አንድ ቦታ ነው ብለውኛል። ቦታው በባለቤቱ ተይዟል፤ እሱ ሲጨርስ ትጠራለህ አሉኝ። እኔ እሑድ ብቻ ቤት የምትመጣ መስሎኝ፣ ጀምረሃል ብዬ ነበር የማስበው። በየሌሊቱ ስትበር ይታየኝ ነበር። ስቀናብህ ነው የከረምኩት።»

ድንኳኑ ውስጥ ከበሮ ተጀመረ። ነገሩን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም። እሱ ከኔ ኋላ ተሰልፏል፣ እኔ ከሱ ኋላ። ማንም ከፊታችን የለም።

«አንዳችን በቃኝ ካላልን መስከረም ላይ ሁለታችንም የለንም» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«አንተ በል።»

«አንተ በል እንጂ» አለ። «አንተ በቃኝ ብትል ቤትህ ነህ። ነገውኑ ቃሪያ ትበላለህ። እስክስታ ትመታለህ።»

«እስክስታ አልችልም።»

«እሱስ እኔም አልችልም» አለና ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ አንድ ዓይነት ነው። «ኤዶምን ታነጋግራታለህ። እኔ በቃኝ ካልኩ ግን… ምን እንደሚያደርጉኝ ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። በቃኝ ያለ ባለቤት አምባሩ ይፈታል። በቃኝ ያለ ግልባጭ ግን ይጠፋል።

«ቃሪያ እንዴት ነበር የሚያቃጥለው?» አለኝ ድንገት። «መጀመሪያ ምላስ ላይ ነው ወይስ ከንፈር ላይ? እየረሳሁት ነው።»

«ከንፈር ላይ ነው» አልኩት፤ እኔም ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

በሳምንቱ መሐል ወደ ቅርንጫፉ ሄድኩ። በመንገዱ ላይ ነገሩን አስቤ ጨርሼው ነበር። እኔ በቃኝ ብል ሁለታችንም እንኖራለን፤ እሱ ገላ ያገኛል፣ በስሜ ይበራል፣ እናቴም ውሸት መስማቷ ይቀራል። ሒሳቡ ለስምንተኛ ክፍል እንኳ ቀላል ነው። ተሰለፍኩ። ተራዬ ደረሰ።

«ምን ልርዳዎ?» አለችኝ ሃምሳ አለቃዋ።

አፌን ከፈትኩ። ግድግዳችን ላይ ያለው ፎቶ ትዝ አለኝ። ኤዶም መሬት ላይ ተቀምጣ ወደ ወንበሩ ቀና ያለችበት አንገቷ ትዝ አለኝ። እሱ በእውነት ሲበር፣ እኔ ከታች ትሪ ይዤ ቆሜ ታየኝ።

«ተራዬ የት እንደደረሰ ለማወቅ ነው» አልኳት።

«በግልባጭዎ ተይዟል።»

«እሺ፣ አመሰግናለሁ።»

ቀጣዩ እሑድ ሲደወል ቤቱ እንደ ወትሮው ሞልቶ ነበር። በዚያ ቀን ያወራው ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ፀሐይ ከታችኛው አገር ጠልቃ እሱ ያለበት ከፍታ ላይ ገና ቀን መሆኑን፣ ከተሞች መብራታቸውን አንድ በአንድ ሲያበሩ እሱ በብርሃን ውስጥ ሆኖ ቁልቁል እንደሚያያቸው ነገራቸው። ይህን ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ከኔ ውስጥ ከሆነ የት ቦታ እንደነበረ አላውቅም። ኧረ እኔም በሩ ላይ ቆሜ አፌን ከፍቼ ሰማሁት።

በመጨረሻ፣ «እማ፣ ሩቅ ግዳጅ ታዝዣለሁ» አላት። «ስልክ የማይደርስበት ነው። ብዙ ጊዜ ላልደውል እችላለሁ።»

«መቼ ነው የምትሄደው?»

«ሰኞ እሄዳለሁ።»

ያን ቃል ሲል ማንም አልሳቀም። ጋሽ ደበላ ተነሥተው መረቁት። ኤዶም አለቀሰች። እኔ የተለመደው መልሳችን መስሎኝ አለፍኩት። «ይትባረክ የለም እንዴ?» ብሎ ከስልኩ ጠየቀ። «በሩ ላይ ነው» አሉት። «ከንፈር ላይ ነው፣ አይደል?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ሌሎቹ ምን እንደምንነጋገር አልገባቸውም።

ሰኞ ጠዋት ገንፎዬን ስበላ አምባሩ ተናገረ። «ግልባጭዎ በራሱ ጥያቄ ተሰናብቷል። ተራዎ ደርሷል። ተሽከርካሪ በሦስት ሰዓት ከደጃፍዎ ይደርሳል።»

ማንኪያውን አስቀመጥኩ። ያ ውሳኔ ከኔ ከተቀዳ ሰው የወጣ ነው፤ እንግዲያው እኔም ውስጥ መኖር ነበረበት። ቁጭ ብዬ ፈለግሁት። አጣሁት።

እናቴ በርበሬ እያበጠረች ነበር። «እማ፣ ዛሬ እሄዳለሁ» አልኳት።

«እሺ ልጄ» አለችኝ ቀና ሳትል። «መጀመሪያ ግን ዱቄቱን ከወፍጮ ቤት አምጣልኝ።»

ሄጄ አመጣሁላት። በመንገድ ላይ «ካፒቴን፣ መቼ ነው?» አሉኝ። «ዛሬ ነው» አልኩ። «ተሻሽሏል!» ብለው ሳቁ። ሻንጣው በርበሬ ስላለበት ልብሴን በፌስታል አደረግሁ። ኤዶም ወደ ሥራ ስታልፍ ፌስታሉን አይታ ቆመች። እሷ ብቻ ናት ያመነችኝ።

«እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው።» ልነግራት ያሰብኩት ሌላ ነገር ነበረ። አምባሩ መጮህ ጀመረ፤ ሁለታችንም እስኪጨርስ ጠበቅነው።

«እዚያ ካገኘኸው» አለችኝ፣ «ሰላም በልልኝ።»

ተሽከርካሪው ሲቆም እናቴ በርበሬ በነካው እጇ ወጣች። ተሽከርካሪውን አየች፣ ፌስታሉን አየች። አቀፈችኝ። ከዚያ በትከሻዬ በኩል ወደ ሰማይ ቀና ብላ፣ «እሱስ?» አለች።

«እሱ ሩቅ ነው፣ እማ።»

ዕዙ ግቢ ስገባ አምባሩን ፈቱልኝ። ሥልጠናው እንደተባለው ነው፤ ሻለቃዋ ሴት ናቸው፣ አይቆጡም። ጥቅምት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላቸው ተቀምጬ በረርኩ። ሁለቱም ቀበቶዎች ጠቅ ብለው ያዙ። በወይራ ሜዳ ላይ አለፍን። እሑድ እስኪደርስ መጠበቅ አልቻልኩም ነበር። ሲደርስ ደወልኩ። የመጡት ጎረቤቶች ጥቂት እንደሆኑ ከትንፋሻቸው አወቅሁ።

«በረርክ ወይ፣ ልጄ?»

«በረርኩ፣ እማ። በረርኩ።»

«እሰይ! እስቲ ንገረን።»

ነገርኳት። መሬቱ ቡናማ መሆኑን፣ ቤቶቹ ትናንሽ መሆናቸውን፣ ጆሮዬን ትንሽ እንዳመመኝ። ደመና አልነበረም። አንድ ሰው አዛጋ።

«ሐይቁስ?» አለ የኤዶም ድምፅ።

«ጥቁር ነው» አልኩ። «ሰሌዳው ነው የሚታየው።»

«እሱ ግን ሰማያዊ ነው ብሎን ነበር» አለች እናቴ ቀስ ብላ። ከዚያ ለኔ አዝና መሰለኝ፣ «ግድ የለም፣ አንተ ገና ጀማሪ ነህ። እሱን እዚያ አላገኘኸውም?»

ያ ሁሉ ሰማይ የኔ ነበር፤ በገዛ ዓይኔ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። እነሱ ግን ገና ከሱ አፍ ነበር የሚያዩት።

«አግኝቼዋለሁ» አልኩ። «ሰላም ብሏችኋል። ሐይቁም… ዝቅ ስንል ሰማያዊ ሆነ። ይብራዎቹን አየኋቸው፣ ኤዶም። ዳር ዳሩን እንደ ነጭ ክር ከበውታል።»

ሰው ወደ ስልኩ ሲጠጋ ወንበር ሲንፏቀቅ ሰማሁ።

«ደግሞ ልነሣ ስል ምን ሆነ መሰላችሁ?» አልኩ። «የግራው ቀበቶ አልያዘልኝም።»

«ወይኔ ልጄን!» አለች እናቴ፣ በደስታ።

ልቤ ፈጠነ። ተቀመጥ ያለኝ አልነበረም።